የታጠበ እጅ

በቢከን ሂል ዳገት ላይ ያለው የጃፓናዊው የሚስተር ኦካዳ ሱሺ ቤት ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ አልነበረውም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የዓሣ ሥዕል ፀሐይ አንጥቶት፣ ዓሣነቱ የሚታወቀው በጅራቱ ብቻ ነበር። ሳህሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሲወጣ በባንኮኒው ዞሮ ወጥ ቤት ይገባል፤ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ሽማግሌው ሩዙን በመዳፋቸው ጠቅጠቅ፣ ዓሣውን ከላይ ጣል አድርገው በእጁ ያቀብሉታል። ሹካ የለ፣ ወግ የለ። ሳህሌ በዚህ አገር በእጁ ሲበላ ማንም ያላፈጠጠበት እዚያ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ ጋዜጣ ቤቱን አመሰገነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰልፉ መንገዱ ጥግ ደርሷል። ሳህሌና ታክሲ ነጂው ጓደኛው ይርጉ ተሰልፈው እንደምንም ወንበር አገኙ። ሳህሌ እንደ ልማዱ ወጥ ቤት ሊገባ ሲል የሽማግሌው ልጅ ኬን በክንዱ አገደው።

«ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም። እርጥብ ፎጣ ቀርቦልዎታል።»

«በፎጣ የታሸ እጅ ታጠበ ይባላል?»

«መጸዳጃ ቤቱ በዚያ በኩል ነው።»

«ልበላ ብዬ ሽንት ቤት ልግባ?» የሳህሌ ጆሮው ጋለ። «አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ስታጠብ አንተ የት ነበርክ?»

ይርጉ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው ራሱ ጥሬ ነው፤ ለእጅህ ነው የምትጨነቀው? ተቀመጥ በናትህ!»

«ዝም በል ይርጉ!» ሳህሌ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሚስተር ኦካዳ፣ ይንገሩት እንጂ!»

ሽማግሌው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ሰልፉን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «ሳሌ» አሉ ስሙን እንደ ልማዳቸው አሳጥረው፣ ቀስ ብለው፣ «ለዛሬ በፎጣው።»

ከልጁ ክንድ ይልቅ ይሄ አንገበገበው። ፎጣውን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ወጣ። ማዶ ካለው ነዳጅ ማደያ፣ መኪኖች ውሃ ከሚሞሉበት ቧንቧ፣ ቆዳው እስኪቀላ ፈትጎ ታጠበ።

ሲመለስ ወንበሩ ላይ ክራቫት ያሰረ ሰው ተቀምጧል።

«ኮቴን አስቀምጬበት ነበር፣ አነሱት» አለ ይርጉ። «በቃ ና፣ ከኔ ሳህን ብላ።»

«ከሳህን አልበላም!»

የታጠቡ እጆቹን ምንም እንዳይነኩ ወደ ላይ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መውረድ በጀመረው ካፊያ ውስጥ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ሰዎች ዞር እያሉ አዩት። ይርጉ በሩን ከፍቶ ጮኸ፦ «ዶክተር፣ በሽተኛው ሊሞት ነው፣ ፍጠን!»

ከፊቱ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሦስት ሲቀረው ዓሣው አለቀ።