ግድግዳው ያነበበው ማስታወቂያ

ዓዲላ ከጨፋው ማሳዋ ሌላ ሀብት የላትም፤ ያም መንገድ ሊያልፍበት ነው ተብሎ ተወሰደ። ይሁን፣ መንገድ የሚጠላ የለም። ግን ሟች ባሏ ወገቡ እስኪቆረጥ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ከካሳው ተዘሎ ቀረ። አንገበገባት። ይህን ልትናገር ቀበሌ ብትሄድ ሥራ አስኪያጁ ዘመድኩን ሻዩን ፉት እያለ፣ «ካሳሽ ባንክ በዝግ ሂሳብ ገብቷል። የቅሬታ ጊዜው አልፏል» አላት።

«ማል ጄታ? ምን አልክ? ማን ነግሮኝ?»

«ማስታወቂያ ለጥፈናል፣ በሩ ላይ!»

ወጥታ አየች፤ ባዶ ቆርቆሮ። ዘመድኩን እየተነጫነጨ ወጣና በሩን ከውጭው ግድግዳ ጋር አጣብቆ የያዘውን ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ በሩን መለሰው። አጃኢብ! ወረቀቱ እውነትም በፊት ለፊቱ ተለጥፏል። ሰውየው በማለዳ በሩ ሳይከፈት ለጥፎ፣ ከዚያ ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ማታ የሚዘጋው ዘበኛ ፊደል አልቆጠረም። ማስታወቂያውን ሲያነብ የከረመው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ቅሬታ የለውም።

«ሕጉ ለጥፉ እንጂ አስነብቡ አይልም» አለ ዘመድኩን ኮራ ብሎ።

ዓዲላ ከሚሴ ከተማ ሄዳ ለአቤቱታ ሰሚዎቹ ነገሩን ብትዘረግፍ ሰብሳቢዋ፣ «እናቴ፣ ማስረጃ ይዘው ይምጡ» አለቻት።

ማስረጃ? ወላሂ፣ ካላችሁማ!

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ እየተንገጫገጨ አቤቱታ ሰሚዎቹ ደጃፍ ላይ ቆመ። ዓዲላና ባለባጃጁ ወንድሟ ሙጂብ የቀበሌውን በር ከነማጠፊያው ተሸክመው ገቡ። ዘመድኩን ምሳ በወጣበት ነቅለውት ነው። እሱም ላብ በላብ ሆኖ ከኋላቸው ደረሰ። ዓዲላ በሩን ቀበሌ እንደሚውለው አድርጋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስደገፈችው።

«በሉ አንብቡልኝ።»

«ምኑን? ባዶ ነው እኮ» አለች ሰብሳቢዋ።

«እኔም ይህንኑ ነው ያነበብኩት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢዋ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ቅሬታው ይታያል፤ ጉድጓዱም ይገመት» ብላ ወሰነች። ዓዲላ ዕንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ዘመድኩን ብድግ አለ። «በሩስ? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው! ሳታስታውቅ ነቅላ...»

ዓዲላ በሩን ገለበጠችው። ከአሮጌው ማስታወቂያ ሥር በሙጂብ እጅ የተጻፈ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ይህ በር ለምስክርነት ከሚሴ ይሄዳል። የሚቃወም ካለ በጊዜው ያመልክት።»

«ለጥፌልህ ነበር፣ የኔ ልጅ» አለችው። «ጊዜው አልፎብሃል።»