የስንደዶው ድንበር

ስንደዶ ተዘርቶ አያውቅም። የወረታ ዙሪያ ሴት ሁሉ መስከረም ሲጠባ አገዳውን ሳያፈራ መዝዛ ለስፌት ታመጣዋለች፤ ዘሩ ምን እንደሚመስል ግን ጠይቃ አታውቅም። የእግዜር ሳር ነው፤ በየማሳው ድንበር ላይ ራሱ ይበቅላል።

የይታይሽ ማሳ ድንበር ላይ ያለው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይለይ ነበር። ቀጥ ብሎ ይመጣና ትልቁ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ማለዳ ጉሙ ከጣና በኩል ሲመጣ ሐምራዊው ዛላ ብቻ ከጉሙ በላይ ይቀራል፤ ያኔ ድንበሩ ከምድር ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላታል። ሥራ ፈታ ይህን ስታይ ብትውል አይሰለቻትም።

በዚያ ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ማሳውን ሁሉ ባንድ አርሶ ሩዝ ሊዘራ ወሰነ። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ትራክተር ይመጣል፣ ድንበር የሚባል ነገር ይጠፋል ተባለ። ተጨበጨበ። የዚያን ጊዜ ጭብጨባ ከመስማት ይቀድም ነበር።

ይታይሽም አጨበጨበች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ያልተከደነውን መሶብ አውጥታ አየችው። ልጇ ጸሐይነሽ በጥር ወደ ቁሐር ሚካኤል ልትዳር ነው። የሙሽራዋ መሶብ ተሰፍቶ የቀረው ክዳኑ ነው። ስንደዶው አሁን ሁሉም ቢመዘዝ ለክዳኑ ብቻ ይበቃል፣ ዘር ግን አይኖርም፤ ሥሩንም ትራክተሩ ይገለብጠዋል። እስኪያፈራ ከተተወ ደግሞ ልጅቷ ክዳን የሌለው መሶብ ይዛ ልትሄድ ነው። ይህን አማት እስክትሞት ታነሣዋለች።

አንድ ማለዳ ልትመዝ ወጣች። ጉሙ ወገቧ ደርሷል። የመጀመሪያዋን አገዳ ጨብጣ ልትስባት ስትል እጇ እምቢ አላት። ጸሐይነሽ ከኋላዋ ደረሰች።

“እማ፣ ተይው ያፍራ። ክዳኑ ይቅር።”

“ሰው ምን ይለናል? አማትሽስ?”

“ያሉትን ይበሉ። ክዳን ሌላ ጊዜ ይሰፋል። ይሄ ከጠፋ ከየት ይመጣል?”

ይታይሽ አገዳዋን ለቀቀቻት፤ አገዳዋም ቀና ብላ ከሌሎቹ ጋር መወዛወዝ ጀመረች።

ጎረቤቷ ንግሥቲ ስታልፍ አይታ፣ “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ሳር ለዘር የሚያስቀር ገበሬ አየሁ” ብላ ሳቀች።

ኅዳር ሲገባ እናትና ልጅ ዛላውን በመዳፋቸው እያሹ ዘሩን ለቀሙት። ላባው ልብሳቸው ላይ፣ ፀጉራቸው ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ሁሉ የወጣው አንድ ቋጠሮ ነው፤ ነቀዝ እንዳይደርስበት ከምድጃው በላይ ጢሱ ውስጥ ሰቀሉት። ትራክተሩም መጣ። ጥቁሩን ድንጋይ ሳይቀር ገፍቶ አለፈ።

መሶቡ የዘሩን ቋጠሮ ይዞ በይታይሽ ነጠላ ተሸፍኖ ሄደ። አማቲቱ ነጠላውን ገለጥ አድርገው፣ “ክዳኑስ?” ቢሉ፣ ጸሐይነሽ “እየበቀለ ነው” አለች። ድግሱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሬው ሲደርሳት ይታይሽ በልጇ ፈንታ አፈረች።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ለልጅ ልጇ ክርስትና ወደ ቁሐር ወረደች። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሁሉ ሩዝ ነው። ማሳዋ የት እንደ ጀመረ፣ የት እንዳለቀ ዛሬም ብትፈልግ አጣችው፤ በሕልሙ እንደሚሄድ ሰው ዝም ብላ አለፈች።

ጸሐይነሽ ስማት ሳትጨርስ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ውሃ እንዳይበላው አፈር ተከምሯል፤ በክምሩ ላይ ሐምራዊው ስንደዶ ቆሟል። ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ አጥሩ ይወርዳል።

ይታይሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከአንጀቷ አለቀሰች።

“ክዳኑን አንቺ ጀምሪልኝ” አለቻት ልጇ፤ “ግማሹን ግን ለዘር ተይ።”

ይታይሽ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ድንበሩ ከታጠፈበት በኩል አንዲት አገዳ መዘዘች።