ዝምድና የላቸውም

ደረጃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም። ላይኛውን ክፍል ለጥቂት ቀን ለሚያርፉ እንግዶች አከራያለሁ፤ እንግዳ ደግሞ ንጹሕ ቤት ይወዳል። ሳላደርቀው ስልክ ላነሳ ገባሁ። እትዬ ከላይ ስትወርድ አዳለጣትና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ።

እትዬ የእናቴ ልጅ ናት። አባቶቻችን ለየቅል ስለሆኑ የአባት ስማችን አይገናኝም። ዓይኗን ለመታየት ስትመጣ "ከእኔ ጋር ተኚ" ብላት፣ "ገበያሽን አልዘጋም" ብላ እንደማንኛውም እንግዳ በኢንተርኔት ተመዝግባ፣ ከፍላ ላይኛው ክፍል ገባች። ግትር ናት እኮ! ስንቴ ተጣላን!

ሆስፒታሉ የሚከፍል ካልተገኘ ቀዶ ሕክምና የለም አለ። እኔ ምን አለኝ? ያለችኝ የእንግዶች ኢንሹራንስ ናት፤ ቤቴ ያረፈ እንግዳ ቢጎዳ ታሳክማለች። ውሉን አውጥቼ ሳነበው ግን አንዲት መስመር ቅስሜን ሰበረችው፦ የአከራይ ዘመድ እንግዳ አይባልም።

"ታዲያ አንዛመድም እንላለና!" አለች እትዬ፣ ከሕመሟ ጋር እየታገለች።

"ምላሴ ይቆረጥ!"

"ያንቺ ምላስ ረዥም ነው፤ ትንሽ ቢቆረጥ አይጎዳውም። እኔ ግን እግሬን እፈልገዋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። ትሑት ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ዝምድና እንዳለን ጠየቀ።

"ከእኚህ ሴትዮ ጋር? ኧረ ምንም! ቤታቸው ያረፍኩ እንግዳ ነኝ" አለች፣ ፊቷን እንኳ ወደ እኔ ሳታዞር። ጻፈና አስፈረማት። እኔም ፈረምኩ። የእናቴን ልጅ በገዛ እጄ ካድኳት።

"ትራስዎን ላስተካክልልዎ?" አልኳት፣ እሱ እየሰማ።

ሲወጣ እያመማትም ሳቀች። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትይኝ ኖረሽ፣ እርስዎ ለመባል አጥንቴ መሰበር ነበረበት!"

ከሰዓት በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው እንከፍላለን የሚለውን ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ፤ ወዲያው በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ግንባሯን ልስማት ጎንበስ ስል ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ቀና አልኩ።

"እግዜር ይማርዎ" አልኳት። እትዬን፣ ያዘለችኝን፣ "ይማርዎ"!

እሱና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። በመጨረሻ ሐኪሙ ብቅ አለ።

"የታካሚዋ ቤተሰብ አለ?"

ሰውየው ጉልበቱ ላይ ያኖረውን ፋይል አየሁ። አዎ፣ ያን ጊዜም ካድኳት።

"የለም" አለ የኢንሹራንሱ ሰው። "እሳቸው ቤት አከራይዋ ናቸው።"

"እንግዲያው ቤተሰቧ ይፈለግ" ብሎ ሐኪሙ ሊመለስ ዞረ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ድምፅ ለምን እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ልጅ አይደለሁም።

"እኔ ነኝ!" ብዬ ጋውኑን ጨምድጄ ያዝኩት። "እህቴ ናት! የእናቴ ልጅ ናት!"

የኢንሹራንሱ ሰው ግራ ገብቶት ፋይሉን ገለጠ። "ዝምድና የለንም ብላችሁ ፈርማችኋል እኮ፤ ሁለታችሁም።"

"ውሸታችንን ነው! ካላመናችሁኝ እሷን ጠይቋት! ግቡና ጠይቋት!"

ሐኪሙ አቀረቀረ። ሊጠይቃት የገባ የለም።