የጎደለው ዘጠኝ ሊትር

ዊጅዳን ለንደን ውስጥ፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር በተከራየችው ጋራዥ የመኪና ሙዚቃ ማጫወቻ ትገጥማለች። በሽቦና በአምፕሊፋየር ማንም አይደርስባትም፤ እንጨት ላይ ግን እጇ ሰነፍ ነው። ለሰብዉፈር፣ ለወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ የምትሠራው ሳጥን መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ወደ ገበያ የሚያልፉ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት ቆዩና፣

«ይህን እንጨት ማነው ያኘከው?» አሏት።

ባህታ ይባላሉ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኬኒንግተን ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። መጋዙን ከእጇ ተቀበሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳጥኑ የእሳቸው፣ ኤሌክትሪኩ የእሷ ሆነ።

በመጋቢት ወር ዘርይሁን የሚባል የሚኒካብ ታክሲ ሹፌር አሥራ ሁለት ኢንች ሰብዉፈር ይዞ መጣ።

«ካስተመር ከወረደ በኋላ ለራሴ የምሰማው ነው፤ ደረት የሚመታ ይሁንልኝ» አለ።

ዊጅዳን አምፕሊፋየር መረጠችለት። ስፒከሩ አራት አራት ኦም የሆኑ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች፣ ኮይሎች፣ አሉት፤ ጎን ለጎን ሲያያዙ ሁለት ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩም ያንን ይችላል። ከስፒከሩ ጋር የመጣው ወረቀት ሳጥኑ በውስጡ ሃምሳ አምስት ሊትር አየር ይያዝ ይላል። እሷም በተለመደው የእንጨት ውፍረት አስልታ የውጪውን ልክ ጽፋ ለባህታ ሰጠቻቸው።

ባህታ ሱቅ በሞላው ኤም ዲ ኤፍ አይሠሩም፤ «የተጨመቀ ሰጋቱራ» ነው የሚሉት። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ገዙ፣ በውስጥም ማጠናከሪያ ጨመሩበት። ያመጡት ሳጥን መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ዊጅዳን ግን ሜትሩን ወደ ውስጥ ስትሰደው ደነገጠች። እንጨቱ በወፈረው ልክ ውስጡ ጠቧል። አሰላችው፤ አርባ ስድስት ሊትር።

«እንዴት ነው?» አሉ ባህታ አጠገቧ ቆመው።

«እጅዎ ይባረክ ጋሽ ባህታ። በጣም ቆንጆ ነው።»

ስትገጥመው እንደፈራችው ሆነ፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዘርይሁን ሊረከብ ደርሷል። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት መጨመሪያ፣ ጌይኑን፣ ከልኩ በላይ ከፈተችው፤ የባስ መጨመሪያውንም እስከ መጨረሻው አዞረችው። ድምፁ የዘርይሁንን ደረት መታ። ስቆ፣ አመስግኖ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ።

«ዝም አለ። መኪናው ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ትናንት አንዷ ካስተመር ሪፖርት አደርግሃለሁ ብላ ወረደች።»

ዊጅዳን ስፒከሩን ፈትታ ኮይሉን ለካችው። ተቃጥሏል። ባህታ መላጊያቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ርካሽ ስፒከር ነው መሰለኝ» አሉ።

«ወይስ እኔ አብዝቼው ይሆን?» አለ ዘርይሁን።

ሁለቱም መውጫ ሰጧት። የሂጃቧን ጫፍ ስታስተካክል ቆየች።

«አንተም አላበዛኸውም፣ ስፒከሩም ደህና ነበር» አለች። «ሳጥኑ ዘጠኝ ሊትር ይጎድለዋል። የእንጨቱን ውፍረት ሳልጠይቅ የውጪውን ልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲመጣም ለክቼ አውቄአለሁ። መናገር ፈርቼ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ አስጮህኩት፤ እሱ ነው ኮይሉን ያቃጠለው። አዲስ ስፒከር እተካልሃለሁ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ዘርይሁን። የባህታ ፊት ግን ጠቆረ።

«አውቀሽ ነው ቆንጆ ነው ያልሽኝ?»

«እርስዎን ማስከፋት ከብዶኝ ነው።»

«እኔ እዚህ የምመጣው ለሥራ መስሎኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ለካ ሽማግሌ እያጫወትሽ ኖሯል።»

ኮታቸውን አንስተው ወጡ። አራት ቀን አልመጡም፣ ስልክም አላነሱም። በአምስተኛው ቀን ዊጅዳን ቤታቸው ሄደች። በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ቀደሟት። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአዲስ ሳጥን የእርሳስ ንድፍ አለ፤ ልኩ ሁሉ የውስጥ ነው።

«ስፒከሩ ራሱ ሲገባ ስንት ሊትር ይበላል?» አሉ ሰላምታዋን ሳያስጨርሷት።

«ሁለት ገደማ።»

«እሱንም አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩዎትም።»

«ሌላስ ያልነገርሽኝ?»

ዊጅዳን መሬት መሬት አየች። «ባለፈው ወር የሠሩት የቀዩ መኪና ሳጥን አየር ያስወጣ ነበር። በሲሊኮን ደፈንኩት።»

«በየት በኩል?»

«ከኋላ፣ በታች።»

«ኮላው ሳይደርቅ ነው ያነሳሁት» አሉ ባህታ። «ቸኩዬ ነው። ተቀመጪ፣ ቁጥሩን አንድ ባንድ ንገሪኝ።»

አዲሱ ሳጥን ከመዘጋቱ በፊት የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንዱን እሳቸው ይዘው ሁለት ጊዜ ለኩት። በዚያው ሳምንት ከአዲሱ ስፒከር ጋር ገጠሙት። ጌይኑ ግማሽ ላይ እንኳ ሳይደርስ ወፍራሙ ድምፅ ከታች ደረሰ። ዘርይሁን ገብቶ በሩን ዘጋና ዘፈን ከፈተ። ባህታ ከውጪ መዳፋቸውን የመኪናው ጣሪያ ላይ አሳርፈው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አላነሱም።