የተዋሰው ክንድ

«ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ፤ እስኪለካ ድረስ አይናገሩ» አለች ሐኪሟ ከስልኩ ውስጥ።

ሹፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ፤ አፉንም ዘጋ። ዝምታው የእውነት ነበር፤ ክንዱ ግን ለይስሙላ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ የታሰረው ካሜራው በማይደርስበት በኩል፣ አጭር ዱካ ላይ በተቀመጠችው ሚስቱ ክንድ ላይ ነበር። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር ያስደገፈው፣ ከደረቱ በታች እንዳይታይም ደጋግሞ ያስተካከለው ራሱ ነው።

ዘዴውም የእሱ ነው። ግፊቱ አልወርድ በማለቱ አውቶብስ መንዳት ከተከለከለ ሰንብቷል። ዛሬ ሐኪሟ «ደህና ነው» ካለች ነገ ሥራ ይገባል፤ ካላለች ቦታው ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ቤት መዋል ደግሞ አልሆነለትም። ወጥ ቤት እየገባ የድስቶቹን አቀማመጥ ሲያርም ሚስቱ በጭልፋ አስፈራርታ አስወጥታዋለች።

«ተው፣ ይቅርብን» ብላው ነበር ጠዋት።

«ምን ችግር አለው? አንቺ እኮ ብረት ነሽ። አሞሽ ያውቃል?»

ጠረጴዛውን መወልወል ቀጠለች። እሱም እሺ እንዳለች ቆጠረው።

መለኪያው ሲያጉረመርም ቆይቶ ተነፈሰ። «ቁጥሩን ወደ ካሜራው ያሳዩኝ» አለች ሐኪሟ። እሱ ሳያየው፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፈገግ ብሎ አነሳው።

ሐኪሟ ወደ ካሜራው ቀረበች። «መቶ ዘጠና ስምንት በመቶ ሃያ። ትንሽ እንቆይና እንድገመው።»

ሲደገም ባሰበት።

«ራስዎን ያምዎታል?»

ሹፌሩ የሚስቱን ግንባር አየ። ሻሿን ከሰሞኑ ጥብቅ አድርጋ ነው የምታስረው፤ ሲጠይቃት «ብርድ ነው» ትለዋለች።

«ዓይንዎንስ ብዥ ይልዎታል?»

ትናንት ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሏት እንዲያስገባላት ሰጥታው ነበር። «እርጅና መጣ እንግዲህ» ብሎ ስቆባታል። አሁን ፈራ።

«ይሰሙኛል? ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብዎት። አብሮዎት ሰው አለ?»

ሚስቱ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ «መሣሪያው ተበላሽቷል በላት» አለችው። ይህንኑ እያለች ጨርቁን ከክንዷ መፍታት ጀመረች። ነገሩ ቀላል ነበር፤ በመሣሪያው አሳብቦ ሌላ ቀን መቅጠር፣ እስከዚያ መላ መፈለግ። እሱም ለአፍታ አሰበው። ከዚያ እጇን ያዛት።

«ሚስቴ አለች» አለ።

«ጥሩ፤ እሷ ትውሰድዎት። እርስዎ ግን መኪና እንዳይነዱ።»

ሹፌሩ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አንስቶ ወደ ሚስቱ አዞረው። ጨርቁ ግማሹ ተፈቶ ከክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዶክተር፣ የተለካው የሷ ክንድ ነው» አለ። «ሁለቱም ጊዜ። የኔ ሐሳብ ነው፣ እሷ የለችበትም።»

ሐኪሟ ስትመልስ ለእሱ አልነበረም።

«እናቴ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

ሚስቱ መጀመሪያ ባሏን አየችው፤ ከዚያ ስልኩን።

«ከጀመረኝ ቆየ» አለች።

ሹፌሩ ስልኩን አስያዛትና ጫማዋን ሊያመጣላት ተነሳ።