ሃያ አራት ወር ያለ ወለድ

የባንኩ የዱቤ ካርድ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ከአተሩና ከዓሣው መሀል፣ በማርጋሪን ዕቃ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ድንጋይ የመሰለ በረዶ ሆኗል። ይህን ያደረገችው ኖሪን ናት። በረዶው እስኪቀልጥ የሰው የመግዛት አምሮት ይበርዳል፤ በእንግሊዟ ባርንስሊ ከተማ ብዙ ሴቶች ካርዳቸውን የሚያስቀምጡት እንዲህ ነው።

ካርዱ ላይ ያለው ዕዳ ግን ከመነሻው የእሷ አልነበረም። የባሏ የዊልፍ ነበር፤ አራት ሺህ ስምንት መቶ ፓውንድ። ዊልፍ አይጠጣም፣ ቁማር አይጫወትም፣ ሴት ቀና ብሎ አያይም። ርግብ ያወዳድራል፤ ከሩቅ ተለቀው ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚሽቀዳደሙ ርግቦች። በዚያ ሁሉ መልካም ጠባይ ያተረፈውን ገንዘብ ርግቦቹ በሉት፤ እህል፣ መድኃኒት፣ ለርግብ ቤቱ አዲስ ጣሪያ፣ ከፈረንሳይ ድረስ ለሚለቀቁበት ውድድር የመኪና ኪራይ። ባንኩ በየወሩ ከሚወስደው መቶ አሥር ፓውንድ ዘጠና አምስቱ ለወለድ ይሄዳል። ዕዳው ራሱ ንቅንቅ አይልም።

ኖሪን ሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ አንድም ክፍያ አሳልፋ አታውቅም። ስለዚህ ሌላ ባንክ በስሟ ካርድ ሊሰጣት ፈቀደ። የቆየውን ዕዳ ወደዚህ ካርድ ያዛወረ ሰው ለሃያ አራት ወር ወለድ አይከፍልም። ለማዛወሪያው አንድ መቶ አርባ አራት ፓውንድ ይከፈላል፣ በቃ። ኖሪን ደመረች፣ ለሃያ አራት አካፈለች፤ በወር ሁለት መቶ ስድስት።

«የባል ዕዳ ይቀበላሉ እንዴ?» አላት ዊልፍ።

«ዕዳውን ይቀበላሉ። ባልየውን ግን አይቀበሉም፤ ጠይቄያቸው ነበር።»

ፍሪጁ በር ላይ ሦስት ትእዛዝ ለጠፈች። በዚህ ካርድ ምንም አይገዛም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይከፈላል። ሃያ አራተኛው ወር ሳያልቅ ዕዳው ያልቃል።

ዊልፍ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «አራተኛውን ረሳሽ።»

«ምኑን?»

«ዊልፍ ርግብ አይገዛም።»

«እሱ አንደኛው ውስጥ አለ።»

ቃሉን ጠበቀ። ርግብ አልገዛም። ከጡረታው ድርሻውን ሳይጠየቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ነገር ግን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍር ያሳለፈው ጊዜ ሳንባውን አስቀድሞ ወስዶት ኖሯል፤ አሥራ አንደኛውን ክፍያ በከፈሉ በሳምንቱ ሆስፒታል ገባ። አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ስንት እንደቀረ ጠየቃት።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰባ ስምንት።»

«ጎበዝ» አለ ዊልፍ። ለእሷ ይሁን ለቁጥሩ አልገባትም። ሌላ ነገር ሳይናገር በማግስቱ ሞተ።

በእሷ ጡረታ ብቻ ሁለት መቶ ስድስት አይሞላም። ስለዚህ ወረቀቶቿን በላስቲክ ይዛ በነጻ ምክር ወደሚሰጥ ቢሮ ሄደች። የተቀበለቻት ልጅ እግር ሴት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠችው።

«ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ይህ ዕዳ የማን ነበር?»

«የባሌ። ወለዱ እንዲቀርልን ወደ እኔ አዛወርኩት።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በእሳቸው ስም ቢቀር ኖሮ…» አለች።

«ጨርሺው እንጂ፣ ሆዴ።»

«ቤቱ የኪራይ ነው። ገንዘብ ትተው አልሞቱም። ባንኩ የሚወስደው ስለሌለ ይሰርዘው ነበር፤ እርስዎን አይጠይቅም ነበር።» ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ያዛውሩት ብሎ የመከረዎት ማን ነው?»

«አንዲት ብልህ ሴት ናት» አለች ኖሪን። «ሂሳብ ታውቃለች።»

ቤቷ ገብታ ሦስቱን ትእዛዞች ቆማ አነበበቻቸው። ስሕተት የለባቸውም።

የአካባቢው የርግብ አወዳዳሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ትሬቨር የጎረቤት ሰው ነው፤ ከዊልፍ ጋር አርባ ዓመት በርግብ ሲጣላ ኖሯል። ርግቦቹን የሚያሻሽጥላት እሱ ሆነ።

«አንቺ ኖሪን፣ ያደገች ርግብ ለውድድር አትሸጥም» አላት። «የትም ትለቀቅ የት፣ የምትመለሰው እዚሁ ነው። የሚገዛት ሰው ለመራቢያ ብሎ ዕድሜ ልኳን ዘግቶ ያኖራታል።»

«እኔንም ዊልፍ እንደዚያው ነው ያደረገኝ» አለች።

ትሬቨር ሊስቅ ብሎ ተወው።

አሥራ ዘጠኙ በአምስት መቶ ስድሳ ፓውንድ ተሸጡ። አንዷን፣ ግራጫዋን፣ አስቀረቻት። ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግራ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፤ ዊልፍ በብርድ ቀን ኮቱ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር። ኖሪን ከዚያ በኋላ በየወሩ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ እያለች ከፈለች። ማሞቂያውን አጠፋች፣ የገና ካርድ መላክ ተወች፣ ኮቷን ለብሳ እራቷን በላች። ጠዋት ጠዋት ግራጫዋን ልታበላ ስትወጣ ብቻ ከሰው ጋር እንደምታወራ ታወራታለች። አብዛኛው ወቀሳ ነው።

ሃያ አራተኛው ወር ሲገባ የቀረው ስድስት መቶ ሰባ ስምንት ነበር። በዚያ ወር ካላለቀ የቀረው ላይ በዓመት ሃያ አምስት በመቶ ወለድ ይጀምራል። ከደርሃም ከተማ አንድ ሰው መጥቶ ለግራጫዋ ስድስት መቶ ሰማንያ ሰጠ። ትሬቨር «እንዳትለቃት» ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው። ኖሪን በዚያው ቀን ከፈለች። በተረፈው ሁለት ፓውንድ አተር ገዛች።

ባንኩ ሂሳብዎ ዜሮ ነው ብሎ ጻፈላት። ከሥር ደግሞ እንደ እርስዎ ላሉ ጠንቃቃ ደንበኞች አዲስ ካርድ አዘጋጅተናል ይላል። ደብዳቤውን ከሦስቱ ትእዛዞች ጎን ለጠፈችው። የሚያነበው ሰው አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ግራጫዋን ባዶው የርግብ ቤት ጣሪያ ላይ ቆማ አገኘቻት። ወርዳ በመግቢያዋ ገባች፤ ቀጥ ብላ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ሄደች።

ትሬቨር በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «እኔ ምንም አላየሁም። ሰውየው ጭልፊት በላት ብሎ ነው የሚተዋት። ዝም በይ፣ ሆዴ።»

«ገንዘቡን እኮ በልቼዋለሁ፣ ትሬቨር።»

«ባንኩ ነው የበላው።»

ኖሪን ገብታ ደርሃም ደወለች። ሰውየው አፈረ። ሦስት ሳምንት ተዘግታ ስትቀመጥ ቤቷን የረሳች መስሎት ለቋት ነበር፤ ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራት።

ከዚያ የዊልፍን መዝገብ አውርዳ ወደ ርግብ ቤቱ ወጣች። ከዚህ በፊት ከፍታው አታውቅም። ቀን፣ የተለቀቁበት ከተማ፣ የገቡበት ሰዓት፤ ከጎን ደግሞ በእርሳስ አንድ ቃል። ወደ ቤቷ በተመለሰች በእያንዳንዷ ርግብ ስም ትይዩ፣ ቀደመችም ዘገየችም፣ ዊልፍ ያችኑ ቃል ጽፏል፤ ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ።

ገጹን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች። ከዚያ ደርሃም ብላ ጻፈች፤ ዘጠኝ ተኩል። የመጨረሻውን ቃል ልትጽፍ እርሳሱን አስጠጋች፣ ግን ቦታውን ባዶ ተወችው። መዝገቡን ዘግታ ለግራጫዋ እህል በእፍኟ ዘገነች።

ቅዳሜ እስኪደርስ ሁለት ቀን ነበር።