ስምንተኛው ሹል

በሩ ሲንኳኳ ጠጂቱ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ከቸርች የመጡ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ልጇ ጸጋአብ ከፍቶ ትንሽ ግን ከበድ ያለ ካርቶን ተቀበለና ላዩ ላይ የተጻፈውን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የዳዲ ነው» አለ። «ኦርደር ያደረገው። ሪተርን አደርገዋለሁ።»

ጠጂቱ እጇን ዘረጋች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ካርቶኑን ግን በክብደቱ አወቀችው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ካርቶን ሰባት ጊዜ መጥቶ ሰባት ጊዜ ተመልሷል።

«ማንም አይመልሰውም» አለች።

ባሏ ዘርይሁን ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። በስደት አገር፣ ስካርቦሮ ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ቶርኖ ቆሟል፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን። ኢቶቢኮ ካለው ፋብሪካ ጡረታ በወጣ ዓመት ነው የገዛው። ደህና ማሽን ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሚሠራውን ብረት ከፊትና ከኋላ ወግተው የሚይዙ ሁለት ሹሎች አሉ፤ የኋላው የለም። የሹሉ ጭራ ሾጣጣ ነው፤ ለማሽኑ ቀዳዳ ልክ ከሆነ ብሎን አያሻውም፣ ገብቶ ራሱን ይጨብጣል። ልክ ካልሆነ ይወላገዳል፣ ሥራውም ሁሉ ጠማማ ይወጣል።

ጸጋአብ ማሽኑን ለቁራሌ ቃል ገብቶበታል። ነገ ጠዋት በመኪና ጭነው ሊወስዱት ነው። ሙሉ ያልሆነ ዕቃ የሚፈልገው የለም፣ ጋራዡም ለለቅሶ ሰው ወንበር መደርደሪያ ያስፈልጋል ብሎ ትናንት በጆሮዋ ነግሯት ነበር። አሁን መልሷ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

ካርቶኑን በጉያዋ ይዛ ተነሳች። ቦጋለች የምትባለው የቸርች እህት ክንዷን ያዝ አደረገቻት፤ ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሳም፣ ሰው ምን ይላል አለቻት።

«ሽንቴ ቢመጣም ልትይዥኝ ነው?» አለች ጠጂቱ፣ ወጣችም።

ጋራዡ ይቀዘቅዛል። የዘርይሁን የሥራ ካፖርት ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከኪሷ የኩል ብልቃጧን አወጣች። ፋብሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ እሱ ግን የሚስቱን ኩል ይመርጥ ነበር። በዘይት ጠብታ ለውሶ ሾጣጣውን ስስ አድርጎ ይቀባዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ጥቂት ያዞረዋል፣ ያወጣዋል። ኩሉ ዙሪያውን ከተፋቀ ልኩ ነው። ባንድ ጎን ብቻ ከተፋቀ አይደለም። ሰባቱም ባንድ ጎን ብቻ ነበር።

«ሚስትህን ትተህ ብረት ትኩላለህ» ትለው ነበር መብራት ይዛለት ቆማ።

«አንቺ ሳትኳዪም ታስፈሪያለሽ» ይላል። ከዚያ ሻጮቹን ሌቦች ብሎ ሰድቦ ካርቶኑን መልሶ ያሽጋል።

ስምንተኛውን ከካርቶኑ አውጥታ እንደሱ ቀባች፣ ከተተች፣ አዞረች፣ አወጣች። ባንድ ጎን ብቻ።

ብረቱን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ከዚያ እሱ በሕይወት ሳለ ይቆርጥሻል እያለ የከለከላትን አደረገች፤ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደች። አፉ አጠገብ ከላይ በኩል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ጠጂቱን ወጋቻት፤ ደም ወጣ።

ደሟን እያየች ቆመች። ዘርይሁን በዚያው ቀዳዳ ጣቱን መቶ ጊዜ አስገብቶ «እንደ መስታወት ነው» ይላት ነበር። ስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህ የፈላ ሻይ ብርጭቆ ጨብጦ አይለቅም ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እሷ ነበረች የምትቆልፍለት፤ «አንቺ ስትቆልፊልኝ ደስ ይለኛል» ሲላት ማሽኮርመሙ ነው ብላ ታምን ነበር። ጣቶቹ ሞተው ኖሯል። ሻጮቹ ንጹሕ ናቸው። አርባ ዓመት ብረት በዳሰሳ ያወቀ ሰው ይህን ለማን ይናገራል?

ክቡን ሞረድ አነሳች። እብጠቷን ብቻ ቀስ እያለች ፋቀች፣ እፍ አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። እንደገና ኳለች። አሁን ዙሪያውን እኩል ተፋቀ። ኩሉን ከብረቱ ጠርጋ ሹሉን በመዳፏ መታ አድርጋ አስገባችው። ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም።

ጸጋአብ ከአባቱ የፋብሪካ ጓደኛ ከኃይለማርያም ጋር መጣ። ኃይለማርያም ጎንበስ ብሎ ሹሉን ነካካና ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነው እኮ። ሰባቱ ምን ነክቷቸው ነው ታዲያ? ምናልባት ቀዳዳው…»

«ቀዳዳውን ዘርይሁን ዳስሶታል። እንደ መስታወት ነው ብሏል። ከሱ የሚበልጥ ጣት አለህ?» አለች ጠጂቱ።

ኃይለማርያም ወለሉን አየ። የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ጠጂቱ እግሯን ፈቀቅ አድርጋ ብናኙን ረገጠችው። ሰውየው የረገጠችውን አየ፣ ደሟንም አየ፣ ቀና አለ።

«የለም፣ እትዬ» አለ። «ሻጮቹ ናቸው።»

«ሌቦች» አለች። ወደ ልጇ ዞረች። «ለቁራሌው ኮል አድርግና አይምጣ በለው። ማሽኑ ሙሉ ነው።»

«ማሚ፣ ማን ሊሠራበት?»

ኃይለማርያም ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረችው፤ ኃይለማርያምም ይህን የሰማው ከልጁ እኩል ነበር፣ ግን አልተቃወመም። አንተም ትማራለህ፣ እኔ መብራት እይዛለሁ አለች። ጸጋአብ ኮምፒውተር ብቻ የለመዱ እጆቹን አይቶ ስልኩን አወጣ።

መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ ዘንግ ነበር፤ ሁለት ጫፉ ለሹሎቹ ከተበሳ ሁለት ዓመቱ። የገበያ ጋሪዋ ጎማ በተነቀለ ጊዜ ዘርይሁንን አዲስ ግዛ ብትለው እምቢ ብሎ የጎማውን ዘንግ እሠራልሻለሁ ያላት ነው። አውርዳ በሁለቱ ሹሎች መሃል አጋደመችው። የኋላው ሹል ከሥራው ጋር አይዞርም፤ ቅባት ካላገኘ ይቃጠላል፤ ይህንንም ከሱ ነው የሰማችው። ከኪሷ የከንፈሯን ቫዝሊን አውጥታ ጫፉን ቀባች። ዘንጉን በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።

ጣቷ ላይ ቅባት ተርፎ ነበር። ኃይለማርያም ቁስሉን ቀቢው አላት።

ጠጂቱ ቅባቱን የዘርይሁን ካፖርት እጅጌ ላይ ጠረገችው።

«ሕመሙ ይሰማኝ» አለች፣ ወደ ፍራሿም ተመለሰች።